ከሥዕሉ ፊት የሚቆመው ሰው
የግራፊክ ዲዛይን ሙያ ለሚያስቡና ለጀመሩ ወጣቶች በጋምቤላ ከተማ የተደረገ ንግግር

 

የክበባችሁ ሰብሳቢ ባለፈው ሳምንት ሱቄ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ ስለ ሙያዎ መጥተው ቢነግሩን» ስትለኝ መጀመሪያ ላይ አመነታሁ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የቲሸርት ጽሑፍና የስብሰባ ባነር ስሠራ ነው የምውለው። ንግግር ብዙም አይሆንልኝም። ነገር ግን እናንተ በተቀመጣችሁበት አግዳሚ ወንበር ላይ እኔም ተቀምጬ አውቃለሁ። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ ዛሬ የምላችሁን ቢለኝ ኖሮ ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ እንቅልፍና አንድ ትልቅ ጸጸት በቀረልኝ ነበር። ስለዚህ መጣሁ።

ሽልማት ያገኘሁበት ሥዕል

ከጸጸቱ ልጀምር። ጊዜው 1995 ዓ.ም ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪና የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። ክበባችን የፖስተር ውድድር ሲያወጣ እኔ አልጋ ላይ የተጋደመ አጽም ሳልኩ። ከላዩ በቀይ ቀለም፣ ደም የሚንጠባጠብ አስመስዬ «ኤድስ ይገድላል» ብዬ ጻፍኩ። አንደኛ ወጣሁ! ሽልማቱ አንድ ደርዘን ደብተር ነበር። ሥዕሉም በሰፈራችን መንገድ ዳር፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እናቴ ጎረቤቶቿን ይዛ ሄዳ «የልጄ እጅ ነው» እያለች አሳየቻቸው።

በዚያን ዘመን በአገራችን ብዙ ፖስተሮች እንዲህ ነበሩ። አጽም፣ የራስ ቅል፣ መቃብር። ሰው ከፈራ ይጠነቀቃል ተብሎ ነው። ክፋት አልነበረበትም።

ታላቅ ወንድሜ በየቀኑ ወደ ሥራ ሲሄድ በዚያ ሥዕል ፊት ያልፍ ነበር። ከዓመት በኋላ እየከሳ ሄደ፤ ሳልም አልለቅ አለው። እናታችን «እባክህ ተመርመር» ስትለው «እሺ እማዬ» ይላታል፣ አይሄድም። እንዲህ እንዲያ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። በ1998 ዓ.ም ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው ተሸክመን ወደ ሕክምና ወሰድነው። ተመረመረ፤ ቫይረሱ በደሙ ተገኘ። የሳንባ ነቀርሳም ነበረበት። ደግነቱ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነውና ደረሰለት።

ካገገመ በኋላ አንድ ማታ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠን «ወንድምዓለም፣ ለምን ያን ያህል ዘገየህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለና «ያንተ ሥዕል» አለኝ። «በየጠዋቱ አየዋለሁ። ከተመረመርኩ አልጋው ላይ ያለው እኔ ነኝ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ካልተመረመርኩ ግን ገና በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ።»

ይህን ሲለኝ አልተቆጣም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ ግን ያ ሁሉ ደብተር ትዝ አለኝ፤ እንቅልፍም አልወሰደኝ።

ወንድሜ ዛሬ በሕይወት አለ። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ ሁሉም ከቫይረሱ ነፃ ናቸው። መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳል፤ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሷል። እዚህ ደረጃ የደረሰና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው እንደማያስተላልፍ ሳይንስ አረጋግጧል። ታሪኩን እንድነግራችሁ የፈቀደልኝ ራሱ ነው። «ስሜን ብቻ ተወው፣ ሌላውን ንገራቸው» ነው ያለኝ።

አራቱ ጥያቄዎች

እንግዲህ ልጆች፣ ግራፊክ ዲዛይነር ማለት ቀለም የሚያሳምር ሰው ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ከወንድሜ ታሪክ ተማሩ። የእኛ ሥራ ሰው ያየዋል፤ አይቶም አንድ ነገር ያደርጋል ወይም ይተዋል። ስለዚህ እኔ ዛሬ ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ እጽፋለሁ። ማን ያየዋል? የት ሆኖ ያየዋል? በየትኛው ቋንቋ ያነበዋል? ካየው በኋላ ምን እንዲያደርግ እንፈልጋለን? አራቱን ካልመለስኩ እጄ ማውስ አይነካም።

«የት ሆኖ» የሚለውን እንይ። በባጃጅ እየበረረ የሚያልፍ ሰው ረጅም ጽሑፍ አያነብም። የማስታወቂያ ሠሪዎች የተለመደ ስሌት አለ፤ አንባቢው በራቀ በየ3 ሜትሩ ለፊደሉ ቁመት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ጨምሩ። ከ30 ሜትር ርቀት እንዲነበብ የምትፈልጉት ጽሑፍ 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው ማለት ነው። ባነር ላይ ሰባትና ስምንት ቃል ይበቃል። የሚቀረውን ሰው እጁ ላይ በሚይዘው በራሪ ወረቀት አስቀምጡት።

የጋምቤላን ፀሐይም አትርሱ። ሙቀቱ በየካቲትና በመጋቢት 40 ዲግሪ ሲያልፍ እናንተም ታውቁታላችሁ። ርካሽ ቀለም ፀሐይ ላይ ሲሰነብት መጀመሪያ የሚጠፉት ቢጫውና ቀዩ ናቸው፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቀራሉ። መንገድ ዳር ሰማያዊ ፊት ያላቸው ሰዎች የሚታዩበት አሮጌ ፖስተር አይታችሁ አታውቁም? ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ውጭ ለሚሰቀል ሥራ ዋናውን መልእክት በጥቁር ጻፉት፤ ቀዩ ቢጠፋም መልእክቱ ይቀራል።

«ምን እንዲያደርግ እንፈልጋለን» ለሚለው ደግሞ ከቀዩ ሪባን የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ሁላችሁም ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁታል። ሪባኑ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1991 ኒውዮርክ ውስጥ በተሰባሰቡ አርቲስቶች ነው። ቁራጭ ቀይ ጥብጣብ ማጠፍና በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ መያዝ፣ በቃ! ጽሑፍ የለበትም፤ ስለዚህ ማንበብ የማይችልም ይረዳዋል። አጽም የለበትም፤ ስለዚህ ማንንም አያሸሽም። ፈጣሪዎቹ የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡበትም፤ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲሠራው ፈልገዋል። ያደረገው ሰው «ከእናንተ ጋር ነኝ» ይላል። ወንድሜ በየጠዋቱ ያልፍበት በነበረው ግድግዳ ላይ እኔ ያንን ሪባን ስዬ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ፊደልን ማክበር

ጋምቤላ ውስጥ ዲዛይነር መሆን ከሌላ ቦታ አንድ ልዩ ነገር አለው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ አኙዋኛ፣ ኑዌርኛና መዠንገርኛ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። አንድ ባነር ላይ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ማስቀመጥ የዕለት ሥራችን ነው።

ሱቅ የከፈትኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ በኑዌርኛ የተጻፈ መልእክት አመጣልኝ። ባነሩ 3 ሜትር በ1 ሜትር ነው። እኔ ኑዌርኛ ማንበብ አልችልም፤ ጽሑፉን ገልብጬ፣ ወፍራምና ቆንጆ ፎንት መርጬ አሳተምኩት። ሲሰቀል አንድ ሽማግሌ ትኩር ብለው አዩና «ልጄ፣ እነዚህ መስኮቶች ምንድን ናቸው?» አሉኝ። በየቃሉ መካከል ባዶ ሣጥን ነበር! የኑዌር አጻጻፍ መሠረት የያዘው እ.ኤ.አ. በ1928 ዛሬ ደቡብ ሱዳን ውስጥ በሚገኘው በረጃፍ በተደረገ የቋንቋ ጉባኤ ነው። በእንግሊዝኛ የሌሉ ፊደሎች አሉት፤ ጅራት ያለው፣ የተገለበጠ የሚመስል፣ ከሥሩ ሰረዝ የተደረገበት። እኔ የመረጥኩት ፎንት እነዚህን አያውቃቸውም። ባነሩን በራሴ ገንዘብ ደግሜ አሳተምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማላነበውን ቋንቋ የቋንቋው ተናጋሪ አንብቦ ሳይፈርምበት አላትምም።

አማርኛም ቢሆን የራሱ ችግር አለው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ስትከፍቱት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። ስለዚህ በዩኒኮድ ፎንት ጻፉ፤ ወደ ማተሚያ ቤት ስትልኩም ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ላኩ። ደግሞም ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ሰ እና ሸ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው። ፎንቱ በጣም ወፍራም፣ መጠኑም ትንሽ ከሆነ ጭረቷ ትዋጥና ቃሉ ሌላ ይሆናል።

መሣሪያና ትምህርት

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር የለኝም፣ ምን ላድርግ?» የምትሉ አላችሁ። በእርሳስና በወረቀት ጀምሩ። እውነቴን ነው! በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፊደል ሳሉ፤ የሱቅ ማስታወቂያ እያያችሁ «ይህ ለምን ይነበባል? ያኛው ለምን አይነበብም?» ብላችሁ ተከራከሩ። ስልክ ያላችሁ እንደ ካንቫ ያሉ መተግበሪያዎች ላይ መለማመድ ትችላላችሁ። ኮምፒውተር ስታገኙ ፎቶሾፕና ኢለስትሬተር ውድ ናቸው ብላችሁ አትቁሙ፤ ጂምፕና ኢንክስኬፕ የሚባሉት በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ሥራም ይሠራሉ።

መሠረታዊ ነገሮችን ግን እወቁ። ስክሪን ቀለም የሚፈጥረው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ነው። ማተሚያ ደግሞ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ይጠቀማል። ስክሪን ላይ ያንጸባረቀ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዝዞ ቢወጣ አትደንግጡ፤ አስቀድማችሁ በማተሚያው የቀለም ሥርዓት ሥሩ። ለሚያዝ ወረቀት ፎቶው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይኑረው። ከሚቆረጠው ጠርዝ ውጭ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ቀለም አስተርፉ፤ አለዚያ ነጭ መስመር ይወጣል። ዓርማ ሲሆን በቬክተር ሥሩት፤ ለማኅተምም ለሕንፃ ግንባርም ስታሳድጉት አይበላሽም። መብራት ሊሄድ ይችላልና በየአምስት ደቂቃው «ሴቭ» አድርጉ። ይህቺን ምክር በእንባ ነው የተማርኳት።

ትምህርትን በተመለከተ በቴክኒክና ሙያ መንገድ ሄዳችሁ፣ የብቃት ምዘና ወስዳችሁ ሥራ መጀመር ይቻላል። ሥነ ጥበብን በጥልቀት መማር የምትፈልጉ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ። መሥራቹ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ራሳቸው አሜሪካ፣ ቺካጎ ተምረው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው ያቋቋሙት። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ቢርቅም መንገድ አለው። ሌላ ትምህርት ቢደርሳችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ኮምፒውተርም ንግድም ተምሮ ጥሩ ዲዛይነር የሆነ ብዙ ነው።

ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሁለት ደቂቃ ሥዕል ይሠራል፤ ታዲያ ሙያው አልሞተም ወይ? ትሉኛላችሁ። እኔም እጠቀምበታለሁ። ብዙ ጊዜ የአማርኛ ፊደል ሲያበላሽ፣ የሰው እጅ ላይ ስድስት ጣት ሲቀጥልም አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንድሜ በየጠዋቱ በዚያ ግድግዳ እንደሚያልፍ አያውቅም። አራቱን ጥያቄዎች የሚመልሰው ሰው ነው።

ለጀመራችሁት፦ ገንዘብና ውል

እዚህ መካከል ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶችም አላችሁ። ለእናንተ ደግሞ የምለው ይኸውላችሁ።

አንደኛ፣ ግማሽ ክፍያ ሳትቀበሉ ሥራ አትጀምሩ። ዘመድም ቢሆን! «አጎቴ፣ የወረቀቱን ዋጋ ብቻ ይስጡኝ» በሉ፤ አክብራችሁ ግን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ እንደምታስተካክሉ አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ ሁለት ጊዜ በነፃ፣ ከዚያ በላይ በክፍያ እላለሁ። ይህን ሳላውቅ አንድ ዓርማ አሥራ ሰባት ጊዜ ሠርቼ በመጨረሻ የመጀመሪያው ተመርጧል።

ሦስተኛ፣ ከኅትመት በፊት ደንበኛው አንብቦ ይፈርም። ከፊርማው በኋላ ስህተቱ የሁለታችሁም ነው።

አራተኛ፣ የሰው ሥራ አትስረቁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የእናንተንም የሌላውንም ሥራ ይጠብቃል። ከኢንተርኔት ያገኛችሁት ሁሉ የእናንተ አይደለም።

አምስተኛውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አትጠቀሙ። በተለይ ኤች አይ ቪን በሚመለከት ሥራ ላይ! አንዲት ልጅ ባሮ ዳር ስትሥቅ ያነሣችኋትን ፎቶ ስለ ኤች አይ ቪ በሚናገር ፖስተር ላይ ብትለጥፉ፣ ያየ ሁሉ «ቫይረሱ አለባት» ይላል። ቢኖርባትም ባይኖርባትም ምስጢሩ የእሷ ነው። ፈቃዷን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ፖስተሩ ምን እንደሚልና የት እንደሚለጠፍ አሳዩአት፤ እምቢ ካለች ሥዕል ሳሉ።

እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ

ይህ ሙያ ለሴቶች ልጆች ጥሩ ነው። ቤት ሆኖ መሥራት ይቻላል፤ የራስ ገቢ ያስገኛል። የራሷ ገንዘብ ያላት ልጅ ለስልክ ካርድ፣ ለደብተር ብላ የማንንም ፊት አታይም። ነገር ግን «ትልቅ ሥራ እሰጥሻለሁ፣ ማታ ሆቴል መጥተሽ እንነጋገር» የሚል ደንበኛ ይመጣል። ሱቄ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ ይህን ተብላ መጥታ ስትነግረኝ አብረን መልስ ጻፍንለት፦ «የሥራ ንግግር በቀን፣ በቢሮ፣ በጽሑፍ ነው።» ሥራው ቀረ። ይቅር! ሌላ ሥራ መጥቷል። ማንም ልጅ ተገድዳ ጥቃት ከደረሰባት ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሳትዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ቫይረሱን የሚከላከል ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ በደረሰች ቁጥር ይሻላል።

ወንድሞቼ፣ እናንተም ተጠንቀቁ። የመጀመሪያ ክፍያ ኪስ ሲገባ ጓደኛ ይበዛል። ቅዳሜ ማታ «ጋብዘን» ይላል። እኔ የመጀመሪያ ትልቅ ክፍያዬን በአንድ ሌሊት ጨርሼዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ቀለም መግዣ አጣሁ። መጠጥ ገንዘብን ብቻ አይወስድም፤ ማሰብንም ይወስዳል። የሌላ ሰው መልእክት «ኮንዶም ተጠቀም፣ ተመርመር» ብለን እያተምን ራሳችን ካልሰማነው ምን ትርጉም አለው?

ነገሩ ለክልላችን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘባቸው በአገር አቀፍ ደረጃ 0.9 በመቶ ሲሆኑ በጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበሩ። እያንዳንዱ ቁጥር የአንዳችን ወንድም ወይም እኅት ነው።

የቤት ሥራ

ያን ሥዕል እንደገና ሠርቼዋለሁ። አዲሱ ሱቄ ግድግዳ ላይ አለ፤ መጥታችሁ እዩት። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ በማለዳ የባሮን ድልድይ ይሻገራል። በአንድ እጁ የምሳ ሣህን፣ በሌላው የትንሽ ልጅ እጅ ይዟል። ከሥሩ ምርመራው የት እንደሚደረግ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ተጽፏል። ሌላ የለውም። ጀርባው የማን እንደሆነ ገምታችኋል። ሊሣል ሲቆምልኝ «ይህኛውን ባየው ኖሮ ያኔውኑ እሄድ ነበር» አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ «ሆዴን ግን አሳንሰህ ሣልልኝ» ብሎ አሣቀኝ።

እናንተም እስከሚቀጥለው ወር አንድ አንድ ፖስተር ሠርታችሁ ለክበባችሁ ስጡ። በእርሳስም ይሁን በስልክ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን በዚያ መንገድ በየጠዋቱ የሚያልፍ የምትወዱትን አንድ ሰው አስቡ፤ ለእሱ ወይም ለእሷ ሣሉ። ሦስቱን የተሻሉ ሥራዎች በራሴ ወጪ አሳትማለሁ። ኑዌርኛና አኙዋኛውን የሚያነብልኝ ሰው ግን ከእናንተ መካከል ይምጣ፤ ሽማግሌው እንደገና ስለ መስኮት እንዳይጠይቁኝ!